አሮጌው የድምፅ ማጉያ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ብሂል፣ ሰው አጠገቡ ያለውን ነገር ዋጋ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ካጣው በኋላ መሆኑን ያስረዳል። ይህ እውነት ለሰው ብቻ ሳይሆን ሰው ለሚገለገልበት ዕቃም ይሠራል። ዕቃ ሲገዛ ይደነቃል፤ ሲለመድ ይረሳል፤ ሲበላሽ ደግሞ ይታወሳል። ያን ጊዜ ባለቤቱን ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል፤ ይኸውም ጥሎ አዲስ መግዛት ወይም አስጠግኖ መያዝ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ የዕቃውን ሥራ ማወቅ፣ የራስንም ልብ መመርመር ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ከዚህ መንታ መንገድ ላይ የደረሱት ከአምሳ ዓመት በላይ በቆየ የድምፅ ማጉያ ምክንያት ነበር።

ይህ ማጉያ፣ በተለመደው የፈረንጅ ስሙ አምፕሊፋየር፣ ኳድ 303 ተብሎ ይጠራል። የተሠራው ሀንቲንግደን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሲሆን፣ ዓይነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ያንሳል፤ ወርዱም ጠባብ ነው። ክብደቱ ግን ስምንት ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ትንሽነቱን አይቶ በአንድ እጁ ሊያነሣው የሚሞክር ሰው ይደነግጣል። መልኩ እንደ ነሐስ ወደ ቡናማ ያደላል። በፊቱ ላይ ዓይን የሚስብ ጌጥ የለበትም። ከመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ላየው ሰው የሙዚቃ መሣሪያ ሳይሆን የፋብሪካ ዕቃ ይመስላል።

መምህሩና ባለቤታቸው ማጉያውን የገዙት በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። ዋጋው ለአንድ መምህር ደመወዝ ከባድ ስለነበረ፣ ዓመት ሙሉ ከወር ወጪያቸው እየቀነሱ አጠራቀሙ። ሚስታቸው በከተማው የመዘምራን ማኅበር ውስጥ ይዘምሩ ስለነበር፣ ሙዚቃ ለቤታቸው እንግዳ አልነበረም። ማኅበሩ በአንድ ወቅት በጥቂት ቁጥር ባሳተመው ሸክላ ላይ፣ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ፣ የእርሳቸው ድምፅ ለብቻው የሚሰማበት አጭር ክፍል ይገኛል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ መምህሩ ይህን ሸክላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሙት ዓመታቸው ዕለት፣ ያዳምጡ ነበር። ከዚያ በላይ ማዳመጡ ሸክላውን ያስረጀዋል፤ ልባቸውንም ያደክመዋል።

ማጉያ ምን እንደሚሠራ ላልተረዳ ሰው የዚህ ዕቃ ክብር አይገባውም። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ በሸክላው ቦይ ውስጥ ሲጓዝ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ የአንድ ቮልት ጥቂት ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ ደካማ ምልክት ስፒከርን ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ ቅድመ ማጉያ በሚባል መሣሪያ ከፍ ይደረግና ወደ ኃይል ማጉያው ይተላለፋል። የኃይል ማጉያው ታዲያ ደካማውን ምልክት እንደ ሊጥ የሚያስነሣ አይደለም። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን ብዙ ኃይል ተቀብሎ በደካማው ምልክት አምሳል ይቀርጸዋል እንጂ። አንድ ሕፃን ልጓም ይዞ ትልቅ በቅሎ እንደሚመራ ሁሉ፣ ጉልበቱ የበቅሎዋ ሲሆን አቅጣጫው የልጁ ነው። ጥሩ ማጉያ የሚባለው፣ ልጓሙ ሲሳብ ሳይዘገይ፣ የራሱንም ፈቃድ ሳይጨምር የሚታዘዘው ነው።

ይህ ሥራ በመጀመሪያ ይከናወን የነበረው በመስታወት ቫልቮች ነው። አሜሪካዊው ሊ ደ ፎሬስት እ.ኤ.አ. በ1906 ከፈለሰፈው ቫልቭ ጀምሮ፣ ራዲዮውም ሆነ የሙዚቃ ማጫወቻው በእነዚህ በሚግሉና እንደ አምፖል በሚበሩ ዕቃዎች ይሠራ ነበር። ቫልቭ ግን ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ከጊዜ በኋላም እየደከመ መለወጥ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1947 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራቴን የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠርተው አሳዩ። ከእነርሱ ጋር ሥራውን ያራመደው ዊልያም ሾክሌይ ተጨምሮ፣ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1956 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከመስታወት ቫልቭ ይልቅ በጠጣር ንጥረ ነገር ውስጥ ኤሌክትሪክን መቆጣጠር የተቻለው በዚህ ግኝት ነው።

ይሁን እንጂ በትራንዚስተር የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ማጉያዎች ጆሮ አዋቂዎችን ሁሉ አላስደሰቱም። ምክንያቱን በምሳሌ መረዳት ይቻላል። ሁለት ሰዎች ትልቅ ግንድ በረጅም መጋዝ ሲሰነጥቁ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል። መሳቡና መልቀቁ ከተስማማ መጋዙ ያለ እንቅፋት ይሄዳል። አንደኛው የሚለቀው ሌላኛው ከመሳቡ በፊት ከሆነ ግን መጋዙ ባለበት ይንገጫገጫል። በማጉያም ውስጥ ግማሹን የድምፅ ሞገድ አንድ ትራንዚስተር፣ ቀሪውን ግማሽ ሌላው እየተቀባበሉ ይሸከማሉ። ቅብብሉ ካልተስተካከለ፣ በተለይ ሙዚቃው ዝግ ባለ ጊዜ፣ ድምፁ ይሻክራል። ይህን ለማስወገድ ሁለቱም ትራንዚስተሮች ሥራ በማይኖርበት ጊዜ እንኳ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፉ ይደረጋል። ችግሩ ግን ትራንዚስተር ሲሞቅ ጠባዩ ስለሚለወጥ፣ ይህን መጠን ጠብቆ ማቆየት አዳጋች መሆኑ ነው።

መሐንዲሶች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንዶቹ ሁለቱም ትራንዚስተሮች ጨርሶ እንዳይለቁ፣ ዘወትር በሙሉ ኃይል እንዲሠሩ አደረጉ። ክፍል ኤ የሚባለው ይህ ዘዴ ቅብብሉን ያስቀራል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውና በዚህ ዘዴ የሚሠራው ማርክ ሌቪንሰን ኤም ኤል 2፣ ትልቅና ከባድ ሆኖ ሳለ ይሰጥ የነበረው ኃይል 25 ዋት ብቻ ነበር። በሀንቲንግደን የነበሩት ፒተር ዎከርና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ሌላ መንገድ መረጡ። በኳድ 303 ውስጥ በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ትራንዚስተሮችን አቆራኝተው፣ ትልቁ ትራንዚስተር ሲሞቅ የዕረፍቱ ኤሌክትሪክ እንዳይዛባ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ኳድ 405 ደግሞ፣ አንድ አነስተኛና ትክክለኛ ማጉያ የትልቁን ማጉያ ስሕተት እየተከታተለ እንዲያርም የሚያደርግ ስልት አስገቡ።

በሌሎች አገሮችም ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለጉ ማጉያዎች የተሠሩት በዚያው ዘመን ነው። በአሜሪካ አገር በቢንግሃምተን ከተማ የነበረው የማክኢንቶሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 በሰማያዊ ብርሃን የሚታዩ የኃይል መለኪያዎችን በማጉያዎቹ ፊት ላይ አኖረ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኤም ሲ 2105 በየመስመሩ 105 ዋት ይሰጥ ነበር። በጃፓንም አኩፌዝ በሚል ስም የታወቀው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ተቋቋመ። እነዚህ ዕቃዎች የሚከበሩት ስላማሩ ብቻ አይደለም። ሣጥናቸው በብሎን ይከፈታል፤ ክፍሎቻቸው በዓይን ይታያሉ፤ የተበላሸው ተነቅሎ ሌላ ሊተካበት ይችላል። ከዚህም በላይ በመዝገባቸው ላይ የተጻፈውን ኃይል በእርግጥ ይሰጡ ነበር። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሻጮች የቅጽበት ብልጭታን እንደ ዘወትር ኃይል እየቆጠሩ ገዢን ያታልሉ ስለነበር፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 የማጉያ ኃይል እንዴት ተለክቶ መገለጽ እንዳለበት ደንብ እስከ ማውጣት ደርሷል። የዋት ብዛትም ቢሆን ሁልጊዜ የሚያስመካ አይደለም። ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል መጨመር ስላለበት፣ ለአንድ የመኖሪያ ክፍል የኳድ 303 አርባ አምስት ዋት ከበቂ በላይ ነው።

በአንዱ የሙት ዓመት ዕለት መምህሩ እንደ ልማዳቸው ሸክላውን አስቀመጡ። ከቀኙ ስፒከር መዝሙሩ እንደ ወትሮው ተሰማ። በግራው በኩል ግን ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ፣ መዘምራኑ በቆርቆሮ ውስጥ ሆነው የሚዘምሩ መሰለ። ሽቦውን ነቃቅለው መልሰው ቢሰኩትም ለውጥ አልመጣም። ሚስታቸው ለብቻቸው የሚዘምሩበት ክፍል ሳይደርስ መርፌውን አነሡት።

በማግሥቱ ወደ አንድ መደብር ሄደው ቢጠይቁ፣ ሻጩ የማጉያውን ስም እንደ ሰማ ሳቅ አለና፣ «መምህር፣ ይህ እኮ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። የጥገናው ወጪ አዲስ ሊገዛልዎ ይችላል» አላቸው። ነገሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም። መምህሩ ቤታቸው ተመልሰው ማጉያውን ከመደርደሪያው አወረዱና ከሚጣሉ ዕቃዎች ጋር በበሩ አጠገብ አስቀመጡት። ከዚያም አብሮት ሊጣል የሚገባውን የመመሪያ መጽሐፍ ፈልገው ሲያገኙ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሚስታቸው እጅ የተጻፈ ጽሑፍ አዩ። የተገዛበት ቀን፣ የተከፈለው ዋጋ፣ ከሥሩም «በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል ቃል ነበረበት። መምህሩ ለረጅም ጊዜ ቆመው ካነበቡት በኋላ ማጉያውን ከበሩ አንሥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

የራዲዮ ጥገና ባለሙያ አፈላልገው ባገኙ ጊዜ፣ ባለሙያው የሣጥኑን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታ። ወዲያው ግን እጁን ወደ ውስጥ አላስገባም። ማጉያ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ አደገኛ ኤሌክትሪክ አምቀው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ መውጣቱን በቴስተር ማረጋገጥ የሙያው ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል እየለካ፣ ጥፋቱ ያለው ከግራው ስፒከር በፊት ባለው ትልቅ ካፓሲተር ላይ መሆኑን አረጋገጠ። የዚህ ካፓሲተር ተግባር ድምፁን ማሳለፍና ለስፒከሩ ጎጂ የሆነውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ማገድ ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ፣ ቀጭኑን ድምፅ እያሳለፈ ወፍራሙን ያስቀራል። ይህ የአሠሪው ወይም የባለቤቱ ጥፋት አይደለም፤ እንደ ጫማ ሶል ሁሉ ካፓሲተርም የሚያልቅ ነገር ነው። ባለሙያው ያረጁትን ካፓሲተሮች ሁሉ ነቅሎ አዲሶቹን በስታኞ በየዳቸው። የቀሩት ክፍሎች ጤነኞች ነበሩ።

መምህሩ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ደስታቸውን መሸፈን አልቻሉም። «የዛሬ ዘመን ማጉያ እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት ያመጣል!» ሲሉ፣ ባለሙያው ፈገግ ብሎ፣ «መምህር፣ ይፍቀዱልኝና እንፈትነው» አላቸው። አሮጌውን ማጉያና አንድ አዲስ ማጉያ ከመጋረጃ ጀርባ አኑሮ፣ የሁለቱን ድምፅ ከፍታ በመለኪያ አስተካከለ። ከፍታው ካልተስተካከለ ጆሮ ጎላ ያለውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ስለሚፈርድ ፈተናው ዋጋ የለውም። ከዚያም የመምህሩን ሸክላ ዐሥር ጊዜ እየቀነጨበ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አሰማቸው። መምህሩ ዐይናቸውን ጨፍነው በጥንቃቄ አዳመጡ። መልሳቸው ሲቆጠር ያወቁት አምስቱን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወረ የሚገምት ሰውም ከዚህ አያንስም።

በዚህ የሚያፍሩበት ምክንያት አልነበረም። የኳዱ ባለቤት ፒተር ዎከር ራሳቸው ተመሳሳይ ፈተና አስደርገው ነበር። ጄምስ ሞየር የተባለ መሐንዲስ የመራውና እ.ኤ.አ. በ1978 ዋየርለስ ወርልድ በተባለው መጽሔት የታተመው ፈተና፣ በቫልቭ የሚሠራውን ኳድ 2፣ በትራንዚስተር የሚሠሩትን ኳድ 303ንና ኳድ 405ን ያነጻጸረ ነበር። አድማጮቹ የትኛው እንደሚጫወት ሳይነገራቸው ሲያዳምጡ፣ ከግምት ባለፈ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻሉም። አንድ ፋብሪካ አዲሱ ዕቃዬ ከአሮጌው አይለይም የሚያሰኝ ውጤት እንዲታተም መፍቀዱ በንግድ ዓለም የተለመደ አይደለም።

መምህሩ ግን አዘኑ። «እንግዲያው እስከ ዛሬ የወደድሁት ምኑን ነው? ጆሮዬ ካልለየው ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ ማለት አይደለም?» ብለው ጠየቁ። ባለሙያውም ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ከዐሥሩ ውስጥ የባለቤትዎን ድምፅ ያጡበት ጊዜ ነበር?» አላቸው።

«የለም» አሉ መምህሩ። «በዐሥሩም እርሷ ነበረች።»

«እንግዲህ ማጉያው የተሠራው ለዚህ ነው» አላቸው። «ከራሱ ምንም እንዳይጨምር፣ ከእርሳቸውም ምንም እንዳይቀንስ። እርስዎ አላወቁትም ማለት እርሱ ሥራውን አልሳተም ማለት ነው።»

መምህሩ ይህን መልስ በልባቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ማጉያቸው ለእንግዳ ሲያወሩ የድሮው ከአዲሱ ይበልጣል ማለትን ተዉ። እውነት ያልሆነ ምስጋና የተመስጋኙን ክብር እንደሚቀንስ ተረድተዋል። ነገር ግን ዕቃውን አልሸጡትም፤ በአዲስም አልለወጡትም። በአምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ታሞ የዳነን፣ ሥራውንም በታማኝነት የሚፈጽምን ዕቃ ለመጣል በቂ ምክንያት አላገኙምና ነው።

አሮጌ ዕቃን ማክበር ማለት በዕውቀት መያዝ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ማጉያ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ከመሰካቱ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት ማንበብ አለበት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በ120፣ ለጃፓን የተሠራው በ100 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ መሥመር ግን 220 ቮልት ነው። ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው በስንት ድካም ያመጣው ማጉያ ያለ ተስማሚ ትራንስፎርመር ከተሰካ በአንድ ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ማጉያው ሲሠራ ስለሚሞቅ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማኖር፣ በላዩም ጨርቅ ወይም መጽሐፍ አለመከመር ይገባል። ለብዙ ዓመታት ሳይሠራ የቆየውንም በባለሙያ ሳያስመረምሩ ማብራት ስሕተት ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የተባለው ለልብስ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ የአባቶችና የእናቶች ሸክላዎች ድምፃቸውን የሚያገኙት በደኅና የተያዘ መሣሪያ ሲኖር ነው።

የመምህሩ የልጅ ልጅ በቀጣዩ የሙት ዓመት ዕለት ከአያቷ ጋር ተቀምጣ ሸክላውን አዳመጠች። ማጉያው ቀድሞ እንደነበረው በሁለቱም ስፒከሮች ሙሉ ድምፅ ሰጠ። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ያቺ ለብቻዋ የምትዘምር ድምፅ በተሰማች ጊዜ፣ ልጅቷ ወደ ማጉያው ሳይሆን ወደ አያቷ ፊት ተመለከተች። ሸክላው ሲያበቃ መምህሩ የመመሪያውን መጽሐፍ አውጥተው ሰጧት። እርሷም ከአያቷ ከሚስታቸው ጽሑፍ ሥር፣ ጥገናው የተደረገበትን ቀንና የተለወጡትን ካፓሲተሮች ዝርዝር በጥንቃቄ ጻፈች። ከዝርዝሩ በታች ገና ብዙ ባዶ ቦታ ነበረ።